የማካዳሚያ ችግኝ ሥሩ እንዲጠነክር፦ ሐዋሳና አካባቢዋ ላይ ችግኝ ለሚያፈሉ የተዘጋጀ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የገዛኋቸውን አሥራ ሁለት የማካዳሚያ (ጠንካራ ቅርፊት ያለው፣ የሚበላ ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ) ችግኞች በሐዋሳ ዳርቻ በሚገኘው ይዞታዬ ላይ ተከልሁ። ቁመታቸው ከጉልበት ያለፈ፣ ቅጠላቸውም ወፍራምና አብረቅራቂ ስለነበር ከመደቡ ላይ አንድ በአንድ መርጬ ያነሣኋቸው እኔው ነኝ። በሦስተኛው ዓመት ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የተነሣ ነፋስ ከዝናብ ጋር በመጣበት ቀን አራቱ ተጋደሙ። ግንዳቸው አልተሰበረም፤ ከነሥራቸው ተነቅለው ነው የወደቁት። አንዱን አንሥቼ አፈሩን በውሃ ሳጥበው፣ ሥሩ የድሮውን ከረጢት ቅርጽ እንደያዘ ክብ ሆኖ ተጠምጥሞ፣ እንስራ የሚቀመጥበትን ማቶት መስሎ አገኘሁት። በሦስት ዓመት ውስጥ ከዚያ ክብ ወጥተው ወደ አፈሩ የዘለቁት ከአራት የማይበልጡ ቀጫጭን ሥሮች ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የማፈላውን ችግኝ የምመዝነው በሥሩ ነው። ገዢው የሚያየው ግንዱንና ቅጠሉን ስለሆነ ችግኝ አፍላፊም ለቅጠሉ መትጋቱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ማካዳሚያን የመሰለ ለብዙ አሥርት ዓመታት ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ ቁመናው የሚወሰነው ገና ከረጢት ውስጥ ሳለ ሥሩ በያዘው ቅርጽ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተጠማዘዘ ሥር እየወፈረና እየጠነከረ ሲሄድ ጥምዝምዙም አብሮት ይጠነክራል እንጂ መሬት ላይ ሲተከል በራሱ አይፈታም። ስለዚህ ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር በሙሉ፣ አፈሩም፣ ውሃውም፣ መደቡም፣ ያንን የመጀመሪያ ቅርጽ ማስተካከልን ዓላማ ያደረገ ነው።

ሥሩ በከረጢት ውስጥ የሚገጥመው

ሥር የሚረዝመው በጫፉ ነው። ጫፉ ወደ ታችና ወደ ጎን ሲሄድ የፕላስቲኩን ግድግዳ ካገኘ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል፣ ከታች ሲደርስም ከረጢቱ ወለል ላይ ይጠመጠማል። ከረጢቱ በቀጥታ መሬት ላይ የተቀመጠ እንደሆነ ደግሞ ሥሩ በታችኛዎቹ ቀዳዳዎች ወጥቶ ወደ መደቡ ይሰርጋል፤ ችግኙም ከከረጢቱ አፈር ይልቅ ከመሬቱ መመገብ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ላይኛው ክፍሉ እጅግ ያምራል፣ አፍላፊውም ይደሰታል። የሚነሣበት ቀን ሲደርስ ግን ችግኙን ሲመግብ የኖረው ሥር ተበጥሶ መደቡ ውስጥ ስለሚቀር ያ ሁሉ ቅጠል በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠወልጋል።

መፍትሔው የሚገኘው ከዚያው ከሥሩ ጠባይ ነው። የዋናው ሥር ጫፍ በሕይወት እስካለ ድረስ የጎን ሥሮችን እድገት ይገታል፤ ጫፉ ሲሞት ወይም ሲቆረጥ ግን ከበላዩ ባለው ክፍል ላይ በርካታ የጎን ሥሮች ይነቃሉ። የቡና ጫፍ ሲቀነጠብ ከጎን ቅርንጫፍ እንደሚያበዛው ማለት ነው። ይህን ሥራ ያለ መቀስና ያለ ምላጭ የሚሠራልን አየር ነው፤ የሥሩ ጫፍ ከከረጢቱ በታች ወጥቶ ደረቅና ብርሃን ያለበት ክፍት ቦታ ላይ ሲደርስ በራሱ ይደርቃል፣ ከላይ ደግሞ አዲስ ሥር ይበዛል። ይህ ሂደት በየሳምንቱ በተደጋገመ ቁጥር አፈሩ ከግንዱ ሥር ጀምሮ ቀጥ ብለው በሚወርዱና በሁሉም አቅጣጫ በተዘረጉ ሥሮች ይሞላል።

ማካዳሚያ ከዚህ ሌላ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው። የትውልድ አገሩ ምሥራቅ አውስትራሊያ ሲሆን፣ በሲዳማ ቡና ማሳዎች መካከል በጥላነት የምናውቀው ግራቪሊያ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሁለቱም ፎስፈረስ የተባለው ንጥረ ነገር ባነሰበት ድሃ አፈር ላይ መኖርን የለመደ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ይህ ቤተሰብ በሥሩ ላይ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ እጅብ ብለው የሚወጡ አጫጭር የፀጉር ሥሮች ያበቅላል። እነዚህ እጅብ ሥሮች ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ የቀረውን ፎስፈረስ የሚያላቅቁ አሲዶች ያመነጫሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው በሽታ መስሎት ሊደነግጥ ይችላል፤ እኔም አንድ ጊዜ ከደህና ችግኝ ላይ ቆርጬ ጥያቸዋለሁ። በተቃራኒው እነዚህ ሥሮች መታየታቸው ችግኙ በደህና ሁኔታ ላይ ለመሆኑ ከምልክቶቹ ሁሉ የላቀ ምልክት ነው።

አፈሩ

የሐዋሳ አካባቢ ለሥር ተስማሚ የሆነ አንድ ትልቅ ሀብት አለው። ከተማዋ የተቀመጠችው በጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ስፍራ ውስጥ በመሆኑ፣ ውሃ ላይ እስከ መንሳፈፍ የሚደርሰው ቀላሉና ቀዳዳ የበዛበት ነጣ ያለ ድንጋይ፣ ማለትም ፑሚስ፣ በየአካባቢው ይገኛል። ይህ ድንጋይ ከሽምብራ በማይበልጥ መጠን ተሰብሮና ተነፍቶ ከአፈር ጋር ሲደባለቅ በአንድ በኩል ትርፉን ውሃ ያስወጣል፣ በሌላ በኩል በቀዳዳዎቹ ውስጥ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ሥርም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ዱቄቱ ግን በወንፊት መውጣት አለበት፤ ዱቄቱ ከተተወ ከጊዜ በኋላ ከታች ተጠቅጥቆ ውሃ ያቁራል።

እኔ የምጠቀመው ድብልቅ ሁለት እጅ የላይ አፈር፣ አንድ እጅ የተነፋ ፑሚስ ወይም ሸካራ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደግሞ ፈጽሞ የበሰለ የቡና ገለፈት ኮምፖስት ነው። ኮምፖስቱ መብሰሉ የሚታወቀው ክምሩ ሲቆፈር ሙቀት ሳይኖረው፣ የገለፈቱ ቅርጽ ጠፍቶ የጫካ አፈር ሲሸት ነው። ያልበሰለ ገለፈት ከረጢት ውስጥ መበስበሱን ሲቀጥል ናይትሮጂን ይሻማል፣ አፈሩን ያሞቃል፣ ለሥሩ የሚያስፈልገውን አየርም ይወስዳል። ድብልቁ ከተዘጋጀ በኋላ አንድ ከረጢት ሞልቶ መፈተን ይገባል፤ አፉ ድረስ ውሃ ሲሞላበት ውሃው በአንድ ደቂቃ ግድም ውስጥ ሰርጎ ከታች መንጠብጠብ ካልጀመረ ፑሚሱ መጨመር አለበት። የአፈሩ አሲዳማነት በፒኤች ሲለካ ከ5 እስከ 6.5 ባለው መካከል ቢሆን ለማካዳሚያ ይስማማዋል።

በዚህ ድብልቅ ውስጥ የማይገባውን ነገር ጠንከር አድርጌ መናገር እወዳለሁ። በአገራችን ችግኝ ማፍያ አፈር ላይ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ ጣል ማድረግ የተለመደ ነው። የፎስፈረስ ይዘታቸው እንደተለመደው በፎስፌት (P2O5) ሲሰላ ዳፕ በመቶኛ 46፣ ኤንፒኤስ ደግሞ 38 እጅ ያለው ማዳበሪያ ነው። ለቲማቲምና ለበቆሎ የሚጠቅመው ይህ መጠን ለማካዳሚያ ጉዳት ነው፤ ፎስፈረስ ሲበዛበት ከላይ የተጠቀሱትን እጅብ ሥሮች ማብቀል ያቆማል፣ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገርም እንደሚገባው አይጠቀምም፣ በዚህም የተነሣ አዳዲሶቹ ቅጠሎች የደም ሥራቸው አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። አፍላፊው ቢጫነቱን ሲያይ የምግብ እጥረት መስሎት ተጨማሪ ዳፕ ይሰጣል፣ ችግኙም ይብሳል። የዶሮ ኩስም ፎስፈረስ የበዛበት ስለሆነ በዚሁ ምክንያት ይቅር። ማዳበር የግድ ካስፈለገ ሁለተኛው ጥንድ ቅጠል ከጠና በኋላ በጣም የቀጠነ ዩሪያ በውሃ ተበጥብጦ፣ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጥ፤ ናይትሮጂንም ቢሆን ከመጠን ሲያልፍ ቅጠሉን አሳድጎ ሥሩን ወደ ኋላ ያስቀራል።

ዘሩንና ቡቃያውን መያዝ

የማካዳሚያ ዘር ትኩስ መሆን አለበት፤ ከዛፉ ከወደቀ በኋላ ወራት እየተቆጠሩ በሄዱ መጠን የመብቀል አቅሙ ይደክማል። ውጫዊው አረንጓዴ ልጥ ተነሥቶ ጠንካራው ቅርፊት ሳይሰበር ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ይነከር፣ ውሃውም ይለወጥ፤ የተንሳፈፈው ይጣል። ቅርፊቱን በመዶሻ ሰንጥቆ ማብቀልን የሚያፋጥኑ አሉ፤ እኔ ግን አልመክረውም፣ ምክንያቱም ውስጡ ሳይታይ ይጎዳል፣ በስንጥቁም ብስባሴ ይገባል። ለመብቀል የሚስማማው ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሆነ፣ የጥቅምትና የኅዳር ቅዝቃዜ ሌሊቶች ካለፉ በኋላ፣ ከየካቲት ጀምሮ ቢዘራ ይሻላል። እንዲህ ሲሆን ችግኙ በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ለመተከል የሚበቃ ጊዜ ያገኛል።

የመጀመሪያው የሥር መጣመም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፍሬው ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች፤ ሥሩ የሚወጣው በዚያች በኩል ነው። ፍሬው በታጠበ አሸዋ መደብ ላይ ተጋድሞ፣ ነጥቧ ወደ ጎን ሆና፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲሜትር አሸዋ ይልበስ። ነጥቧ ወደ ላይ ከሆነች ሥሩ ወጥቶ ዞሮ መውረድ ስላለበት አንገቱ ላይ ይታጠፋል፤ ያ እጥፋት ደግሞ ዛፉ ሲያረጅ እንኳን አይጠፋም። ከሦስት ሳምንት እስከ ሁለትና ሦስት ወር ድረስ እየተንጠባጠቡ ይበቅላሉ። በየሁለት ቀኑ አሸዋውን በጣት ገለጥ አድርጎ ማየት አድካሚ ቢመስልም በዚህ ሥራ ላይ ከሁሉ የሚክስ ድካም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ሥሩ የጣት አንጓ ያህል ሲሆን፣ የጎን ሥር ሳያወጣ፣ ወደ ከረጢት መዛወር አለበት። ዘግይቶ የተዛወረ ሥር ረዝሞ ስለሚገኝ ወይ ይሰበራል ወይ ታጥፎ ይገባል።

ማዛወሩ እንደሚከተለው ይፈጸማል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው አፈር ከዋዜማው ውሃ ይጠጣ። የእርሳስ ውፍረት ባለው ዱላ ከሥሩ ርዝመት ሁለት እጥፍ የሚጠልቅ ቀዳዳ ይበጅ። ቡቃያው የሚያዘው ከፍሬው ነው እንጂ ከሥሩ አይደለም። ሥሩን ወደ ቀዳዳው አውርዶ፣ ከሚፈለገው ጥልቀት ትንሽ ዝቅ ካደረጉት በኋላ በቀስታ መልሶ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይህች አንዲት እንቅስቃሴ ጫፉ ታጥፎ ከሆነ ቀጥ ብሎ እንዲንጠለጠል ታደርገዋለች። ከዚያም ዱላውን ከጎኑ ሰክቶ አፈሩን ወደ ሥሩ መግፋት እንጂ ከላይ በአውራ ጣት መጫን አይገባም፤ ከላይ የተጫነ አፈር ከታች ባዶ ኪስ ይተዋል። የሥሩ ጫፍ እንደ መንጠቆ የተጣመመ ቡቃያ ሲገኝ ሳያመነቱ መጣል ይሻላል። አንድ ፍሬ መጣል ለዓይን ይከብዳል፤ ነገር ግን ከስድስት ዓመት በኋላ የሚወድቅ ዛፍ ከዚህ ይከብዳል።

ፍሬው ከቡቃያው ላይ ተጣብቆ ለሳምንታት ይቆያል። የማካዳሚያ ክክ ከመሬት በላይ አይወጣም፤ እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ ችግኙን ይመግባል። ስለዚህ በራሱ እስኪለይ ድረስ አይነካ። ከሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል የሚወጡት ጦጣዎች ግን ይህን ፍሬ ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ በአንድ ጠዋት አንድ መደብ ሙሉ ቡቃያ እየነቀሉ ፍሬውን በልተው ችግኙን ጥለውት ሄደው አውቃለሁ። የዶሮ ሽቦ በአራቱም ጎንና ከላይ መወጠር አይጥንም ጦጣንም ይከለክላል።

ከመሬት ማንሣት

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ተግባራዊ ይሁን ቢባል የምመርጠው ይህን ነው፦ ከረጢቱ መሬት አይንካ። ከመሬት ቢያንስ ሃምሳ ሴንቲሜትር ከፍ ያለ የባሕር ዛፍ አጣና ቋሚ ያለው፣ ወለሉ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም የተወጠረ ሽቦ የሆነ አልጋ ይሠራ። በወለሉ ስንጥቆች መካከል አየር በነጻ መመላለስ አለበት፤ ጣውላ የተደረደረበት አልጋ ጥቅም የለውም፣ ምክንያቱም ጣውላው እርጥብ ሆኖ ስለሚቆይ ሥሩ ላዩ ላይ ይዘረጋል። አልጋው ሲሠራ የሚሸከመው ክብደት ይታሰብ። ተጣጥፎ ሲለካ 20 ሴንቲሜትር ስፋትና 30 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ከረጢት ከሦስት ሊትር ተኩል ያላነሰ አፈር ይይዛል፣ ውሃ ሲጠጣም አራት ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ መቶ ችግኝ ማለት እንግዲህ አራት ኩንታል ማለት ነው። የመጀመሪያው አልጋዬ በቀጭን ቀርከሃ የተሠራ ስለነበር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መሐሉ ጎበጠ።

ለከረጢቱ መጠን ከላይ የጠቀስሁት ለማካዳሚያ ይበቃል። ፒካንና ዋልነት የተባሉትን ባለቅርፊት ፍሬ ዛፎች ለሚሞክር ሰው ግን ቁመቱ ከዚህ መብለጥ አለበት፤ እነዚህ ሁለቱ በመጀመሪያው ዓመት ከግንዳቸው በብዙ የሚረዝም አውራ ሥር ወደ ታች ይሰዳሉ። ካሽውም የሥሩ መነካት የማይወድለት ዛፍ ቢሆንም ቦታው ከሐዋሳ ይልቅ ሞቃቱ ቆላ ነው።

የከረጢቱ ወለል ሙሉ በሙሉ መቆረጥ አለበት፤ ሁለት ሦስት ቀዳዳ መብሳት አይበቃም፣ ሥሩ ቀዳዳውን ሳያገኝ ይዞራልና። ወለሉ ሲቆረጥ አፈሩ እንዳይፈስ አንድ የደረቀ የኮባ ቁራጭ ከታች ይነጠፍ። ኮባው አፈሩ እስኪጠና ይይዘዋል፣ ከጊዜ በኋላ ደግሞ በራሱ ይበሰብሳል፤ ያን ጊዜ ሥሩ አፈሩን ጨብጦት ይገኛል። ከሰባት ወይም ከስምንት ሳምንት በኋላ ጎንበስ ብሎ ከአልጋው በታች የተመለከተ ሰው ከየከረጢቱ ሥር ብቅ ብለው የደረቁ ቡናማ የሥር ጫፎችን ያያል። ይህ የሚያስፈራ ሳይሆን ሥራው በትክክል መሄዱን የሚያሳይ ነው።

አልጋ መሥራት ለጊዜው ያልቻለ ሰው ከረጢቶቹን በወፍራም ፕላስቲክ ንጣፍ ላይ ደርድሮ፣ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ አንድ በአንድ እያነሣ ቦታቸውን ማዘዋወርና ወጥቶ የተገኘውን ሥር በስለታም ምላጭ መቁረጥ ይችላል። ከረጢቱ ሲነሣ ‘እምቢ’ ካለ፣ ሥሩ መሬት ይዟል ማለት ነውና ዘግይቷል። መግረዙ በማለዳ ወይም ደመና በሆነበት ቀን፣ ከዋዜማው ውሃ ጠጥቶ ከቆየ በኋላ ይሁን፤ ከዚያም ችግኙ ለአራት አምስት ቀን ጥላ ውስጥ ይቆይ። ይህ አሠራር ምስጥ ባለበት ቦታ ሌላም ጥቅም አለው፣ በየጊዜው ስለሚነሣ ምስጡ ሳይታይ ቤት አይሠራበትም።

ውሃ፣ ጥላና ሙቀት

በችግኝ ጣቢያ ከጥማት ይልቅ ብዙ ሥር የሚሞተው በውሃ ብዛት ነው። ሥር ይተነፍሳል፤ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አየር በውሃ ሲተካ ይታፈናል፣ የታፈነውንም ሥር ፋይቶፍቶራ የተባለው የሥር አበስባሽ ተሕዋስ ይይዘዋል። የተያዘ ሥር በጣት ሲሳብ ልጡ እንደ እጅጌ ተንሸራትቶ ይወልቅና ውስጡ ያለው ቀጭን ክር ብቻ እጅ ላይ ይቀራል። ጤነኛ ሥር ጫፉ ነጭ ወይም ገርጣ ያለ ክሬም ቀለም ያለው፣ ሲሳብም የሚይዝ ነው። ስለዚህ ውሃ የሚጠጣው በቀን መቁጠሪያ መሆን የለበትም። ከረጢቱን በአንድ እጅ ከፍ አድርጎ ክብደቱን መገመት ይቻላል፤ ጥቂት ቀን የለመደ እጅ የጠማውን ከጠገበው ያለ ስሕተት ይለያል። ሲጠጣ ከታች እስኪንጠባጠብ ይጠጣ፣ ከዚያም የላዩ ሁለት ሴንቲሜትር እስኪደርቅ ይቆይ። በየቀኑ ላዩን ብቻ ማርጠብ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል።

የውሃውም ዓይነት ይታሰብበት። የሐይቁም ሆነ በስምጥ ሸለቆው ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ውሃ ወደ አልካላይነት ያደላል፤ ለወራት ሲጠጣ የከረጢቱን አፈር ፒኤች ቀስ በቀስ ከፍ ያደርጋል፣ አሲዳማ አፈር የሚወደውን ማካዳሚያንም ቢጫ ያደርገዋል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን የክረምት ዝናብ በሮቶ አጠራቅሞ ቢያንስ በየሦስተኛው ወይም በየአራተኛው ጊዜ በዚያ አፈሩን ማጠብ ብዙ ይረዳል።

ጥላ ለቡቃያው ያስፈልጋል፤ ግማሽ ብርሃን የሚያሳልፍ የሣር ወይም የመረብ ዳስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ መሳሳት አለበት። ጥላ የበዛበት ችግኝ ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ሥሩም ለዚያ ቁመት የማይመጥን ይሆናል፤ ሲያዩት ግን ‘አደገ’ ያሰኛል። በሌላ በኩል ጥቁሩን ከረጢት የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው በምዕራብ በኩል ያለው ሥር ይቀቀላል። በየካቲትና በመጋቢት የከረጢቱን ጎን በእጅ ነክቶ የሚያቃጥል ሆኖ ያገኘ ሰው ሥሩ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅተውም። በአልጋው ምዕራባዊ ጎን ጆንያ መጋረድ ወይም ሣር ማቆም ይበቃል።

ሥሩን አውጥቶ ማየት

ከየሃምሳው ችግኝ አንዱ ለምርመራ ይሰዋ። በአምስተኛው ወር አካባቢ ከረጢቱ በምላጭ ተቀዶ አፈሩ በባልዲ ውሃ ውስጥ በቀስታ ይታጠብ፣ ሥሩም በነጭ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይታይ። ዋናው ሥር ከግንዱ ጋር ቀጥ ያለ መስመር መሥራት አለበት፤ የጎን ሥሮቹ በሁሉም አቅጣጫ የወጡ እንጂ በአንድ ጎን የተከማቹ መሆን የለባቸውም፤ እጅብ ሥሮቹም ሊታዩ ይገባል። ሥሩ ሁሉ ከላይ ተከማችቶ ከታች ያለው አፈር ባዶ ከሆነ ውሃ አሰጣጡ ላይ ላዩን ነበር፤ ከላይ ሳስቶ ከታች ከተጠመጠመ ከረጢቱ አየር አላገኘም፤ ሥሩ ቡናማና ለስላሳ ከሆነ ድብልቁ ውሃ አቁሯል። በዚህ ጊዜ የሚገኘው ጉድለት ለቀሩት አርባ ዘጠኝ ገና ሊታረምላቸው ይችላል።

ገዢም ቢሆን እንዲህ ያለውን ምርመራ የመጠየቅ መብት አለው። ብዙ ችግኝ የሚገዛ ሰው የአንዱን ዋጋ ከፍሎ ከፍቶ ይይ። አፍላፊው ካልፈቀደ የሚሸጠውን አያውቀውም፣ ወይም ያውቀዋል።

የተጠመጠመ ሥር ገና ቀጭንና ለስላሳ ሳለ ከተገኘ የአፈሩን ውጫዊ ገጽ በሦስት ወይም በአራት ቦታ ከላይ ወደ ታች በምላጭ ቀደድ ማድረግ፣ ወለሉ ላይ የተከመረውንም ቆርጦ መጣል ይቻላል። ማካዳሚያ ግን ሥሩ ብዙ ሲነካ የሚደነግጥ ዛፍ ስለሆነ ከዚህ በላይ መሄድ አይገባም። ክቡ ከወፈረና እንጨት ከሆነ ችግኙ አይሸጥ፣ አይተከል፣ የጥሩ ዝርያ ቅርንጫፍም አይዳቀልበት። ማዳቀል ድካምና ወጪ ያለው ሥራ ነው፤ የእርሳስ ውፍረት ያለው ግንድ ስለተገኘ ብቻ ጥሩ ዝርያ በተበላሸ ሥር ላይ ማሳረፍ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

ተከላ

ከተከላው አምስትና ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ማለትም ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ፣ ጥላው ሙሉ በሙሉ ይነሣ፣ የውሃው ጊዜም ይራቅ፤ ቅጠሉ እስኪረግፍ ድረስ ግን አይጠማ። በሰኔ ዝናቡ መደላደሉ ሲታይ ጎኑም ጥልቀቱም 60 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ቀደም ብሎ የተቆፈረና አየር የገባው ጉድጓድ ይዘጋጅ፤ ግድግዳው በአካፋ ተልሶ ከሆነ ሥሩ ያንንም እንደ ከረጢት ስለሚዞረው በዶማ ጫፍ ሸካራ ይደረግ። ዳፕ እዚህም አይጨመር።

ከረጢቱ ከላይ እስከ ታች ተቀዶ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ በየአካባቢው ስላየሁ ይህን ግልጽ ነገር መጻፍ አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ችግኙ ከረጢት ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ይተከል፣ አንገቱ አይቀበር። አፈሩ በእግር ሳይሆን በውሃ ይደላደል፤ አንድ ባልዲ ውሃ ቀስ ብሎ ሲፈስበት አፈሩ በየሥሩ መካከል ገብቶ ባዶ ቦታውን ይሞላል። ደረቅ ሣር በዙሪያው ይነጠፍ፣ ግንዱን ግን በአራት ጣት ይራቀው።

ማካዳሚያ ብዙውን ሥሩን የሚዘረጋው በላይኛው አፈር ውስጥ በመሆኑ ነፋስ ያሸንፈዋል። ሐይቁ በሚያይበት በኩል የግራቪሊያ ወይም የሌላ ዛፍ መከለያ አስቀድሞ ቢተከል መልካም ነው። ለችግኙ ድጋፍ ሲተከልለት ማሰሪያው ልል ይሁን፤ ግንዱ በመጠኑ ሲወዛወዝ ሥሩ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ጥብቅ አድርገው ያሰሩት ችግኝ ግን ድጋፉ በተነሣ ቀን ራሱን መሸከም ያቅተዋል። እኔ ማሰሪያውን የምፈታው በሁለተኛው ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ከመፍታቴ በፊት ግንዱን በሁለት ጣት ይዤ ወዘወዝ አደርገዋለሁ፤ ግንዱ ጎንበስ ብሎ ሲመለስ በሥሩ ያለው አፈር ካልተንቀሳቀሰ ይፈታል፣ አፈሩ ከተሰነጠቀ ደግሞ አንድ ክረምት ይጨመርለታል።